ጠረጴዛው፣ ድንኳኑና የእድሩ ቁልፍ

አንድ ወሬ አለኝ። እንደ ገመድ ረጅም ነው፤ ጫፉን ያዙልኝና ልተርትረው። ያዛችሁ? እንግዲያው እስክነግራችሁ አትልቀቁ።

በወይራ ጥግ ሰፈር አሥራ አራት ልጆች የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ አቋቋሙ። ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያላቸው አራት ራኬት፣ ሁለት ኳስና አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛውን አናጢው ከኮምፔንሳቶ ሠራላቸው፤ እነሱ ደግሞ አረንጓዴ ቀቡት። በጋውን ሙሉ በየሻረግ እናት ደጅ አቁመው ተጫወቱበት። የሻረግ የክለቡ አለቃ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነገር ከጀመረች አትተውም። እኔ ጎረቤቷ ስለሆንኩ የኳሱን ጠቅ ጠቅ ለምጄው፣ ዝም ሲል ነው የምደነግጠው።

ግንቦት እያለቀ መጣ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ዝናብ አይወድም። አንዴ ከራሰ ያብጣል፣ ካበጠ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ማገዶ ነው። ማገዶ ከሆነ ክለቡም አብሮ ነደደ ማለት ነው፤ ሌላ ጠረጴዛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ልጆቹ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። ከመንገዱ ማዶ የእድራችን አዳራሽ አለ። ቆርቆሮው አያፈስም፣ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ባዶውን ይውላል፣ ባዶውን ያድራል። ጠረጴዛው እዚያ ይግባ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እንጫወትበት፣ በሌላው ቀን አጥፈን ግድግዳ እናስደግፈዋለን አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሻረግ ወደ ጋሽ ዘርጋው ሄደች። ጋሽ ዘርጋው የእድሩ ንብረት ያዥ ናቸው። የአዳራሹ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነው፤ ገላቸውን ሲታጠቡም አያወልቁትም ይባላል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጥንቁቅ ናቸው። ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ከክፉ ሰው ይበልጥ ያደክማል።

«ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም» አሏት። «ድንኳኑ ተቀዶ ወለሉን ሞልቶ ተዘርግቷል። የተቀደደ ድንኳን ካጠፉት ቅዱ ይብሳል፤ ከረገጡትም ይብሳል። ደግሞ ይህ በር የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። ደንቡ ነው።»

እንግዲህ ድንኳኑ ካልተሰፋ ወለሉ አይለቀቅ፣ ወለሉ ካልተለቀቀ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ጠረጴዛው አይገባ። በስተምዕራብ ደግሞ ጋቢ የምታህል ደመና ብቅ ብላለች።

የሻረግ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወደ እትዬ ጠጅቱ ሄደች። ድንኳኑን ይስፉልን አለቻቸው። እትዬ ጠጅቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የባላቸው ለቅሶ የተቀመጡት በዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። በነፃ እሰፋዋለሁ፣ መኪናዬን እዚያው ድረስ ተሸክማችሁ ውሰዱልኝ አሉ። ግን የስፌት መኪናቸው ቺንጋ ተበጥሷል። እግራቸው ይረግጣል፣ መኪናው ዝም ይላል። ጫማ ሰፊው ሞላልኝ ከቆዳ አዲስ ቺንጋ ይቁረጥልኝ ብለው ላኳት።

እንግዲህ ቺንጋው ካልተቆረጠ መኪናው አይዞር፣ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋ፣ ድንኳኑ ካልተሰፋ ወለሉ አይለቀቅ፣ ወለሉ ካልተለቀቀ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ጠረጴዛው አይገባ። ደመናዋ ሁለት ጋቢ አከለች።

ሞላልኝ ጥላው ሥር ተቀምጦ አንድ ቁራጭ ቆዳ በቢላዋ ይገዘግዛል። ይገዘግዛል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ እንደገና ይገዘግዛል። ቢላዋው ዶልዱሟል፤ ቆዳ ቀርቶ ጎመን አይቆርጥም። ቺንጋ መቁረጥ ለኔ የደቂቃ ሥራ ነበር፣ ግን ቢላዋ የሚስለው አያ ጀንበሬ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል አላት። አያ ጀንበሬ ደግሞ ቀልደኛ ስለሆነ፣ ቆሟል ሲባል ማንም አያምንም።

ግን እውነትም ቆሞ ነበር። የአያ ጀንበሬ መሳያ ድንጋይ የሚዞረው ከሳይክሉ የኋላ ጎማ ጋር እየታከከ ነው፤ እሱ ፔዳሉን ሲመታ ጎማው ይዞራል፣ ጎማው ሲዞር ድንጋዩ ይዞራል። ዛሬ ጎማው ተንፍሶ ተኝቷል። ድንጋዩን አይነካውም። ሳይክል ጠጋኙ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ሂጂ፣ ጎማዬን ይንፋልኝ፣ እኔ ብሄድ ልመና ይመስልብኛል አላት። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ባዶውን እንደተመለሰ ግን አልነገራትም።

እንግዲህ በአንድ ትንፋሽ በሉት። ጎማው ካልተነፋ ድንጋዩ አይዞር፣ ድንጋዩ ካልዞረ ቢላዋው አይሳል፣ ቢላዋው ካልተሳለ ቺንጋው አይቆረጥ፣ ቺንጋው ካልተቆረጠ መኪናው አይዞር፣ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋ፣ ድንኳኑ ካልተሰፋ ወለሉ አይለቀቅ፣ ወለሉ ካልተለቀቀ በሩ አይከፈት፣ በሩ ካልተከፈተ ጠረጴዛው አይገባ። ደመናውን መቁጠር ተውኩት፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋቢ ሰማይ ላይ ተሰጥቷል።

ጋሽ ኢድሪስ የሻረግን ሲያዩ ገና ሳትናገር አንገታቸውን ደፉ። ጎማውን ለጥፈው ጨርሰዋል፤ የጠፋው መንፊያ ነው። የት እንዳለ ስትጠይቃቸው አንዱን ብሎን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱ። ከዚያ ተናገሩ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ለቅሶ ሲነሳ ድንኳኑን ከሽማግሌዎቹ ጋር እየጎተቱ ሲያስገቡ፣ በእጃቸው የነበረውን መንፊያ ከአዳራሹ በር ጀርባ አቆሙት። ረሱት። በሩም ተቆለፈ።

«ታዲያ ለምን ክፈቱልኝ አላሉም?» አለች የሻረግ።

«ብያለሁ። ምክንያቱን ሳልናገር ጋሽ ዘርጋው ሰው ሲሞት ነው የሚከፈተው አሉኝ። እኔም እጠብቃለሁ።»

«ምን?»

ጋሽ ኢድሪስ ብሎኑን አስቀመጡት። በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል።

«ምን እላለሁ ልጄ። ጠዋት ጠዋት ጡሩምባ ይሰማ እንደሆነ ጆሮዬን እጥላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

የሻረግ አልሳቀችም። መጥታ ስትነግረኝ ግን እኔ ስቄያለሁ፣ ከዚያም አፈርኩ።

ወደ ጋሽ ዘርጋው ተመለሰች፤ እኔም ተከተልኳት። በር ላይ ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። «ጋሼ፣ ጠረጴዛው እንዲገባ በሩ ይከፈት፣ በሩ እንዲከፈት ወለሉ ይለቀቅ፣ ወለሉ እንዲለቀቅ ድንኳኑ ይሰፋ፣ ድንኳኑ እንዲሰፋ መኪናው ይዙር፣ መኪናው እንዲዞር ቺንጋው ይቆረጥ፣ ቺንጋው እንዲቆረጥ ቢላዋው ይሳል፣ ቢላዋው እንዲሳል ድንጋዩ ይዙር፣ ድንጋዩ እንዲዞር ጎማው ይነፋ፣ ጎማው እንዲነፋ መንፊያው ይምጣ።» ጋሽ ዘርጋው በጣታቸው እየቆጠሩ ተከተሏት። ጣት ሊያልቅባቸው ሲል ደረሱ።

«መንፊያው የት ነው ያለው?»

«ከአዳራሽዎ በር ጀርባ። ጋሽ ኢድሪስ በሩ እንዲከፈት ጡሩምባ እየጠበቁ ነው።»

 «የማናችንን?» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

«አልመረጡም።»

ከእድሩ አባላት በዕድሜ አንደኛው እሳቸው ናቸው። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ክሩን በራሳቸው ላይ አወጡት፤ አንገታቸው ላይ ነጭ መስመር ቀርቶ አየሁ። ለመንፊያው ብቻ ነው የምከፍተው አሉ፣ ለሌላ ነገር አይደለም። እኛም እሺ አልን፤ ምን ቸገረን።

በሩ ተከፈተ፣ መንፊያው ወጣ። መንፊያው ጎማውን ነፋ፣ ጎማው ድንጋዩን አዞረ፣ ድንጋዩ ቢላዋውን ሳለ፣ ቢላዋው ቺንጋውን ቆረጠ፣ ቺንጋው መኪናውን አዞረ። ልጆቹ መኪናውን ተሸክመው አዳራሹ አደረሱት፤ ጋሽ ዘርጋው «ጫማ አውልቁ» ከማለት በቀር አልከለከሉም። እትዬ ጠጅቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰፉ። የጨረሱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋሱም አፈር አፈር ይሸታል።

አሁን ድንኳኑ መታጠፍና ቆጡ ላይ መውጣት አለበት። ጋሽ ዘርጋው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ጎንበስ ብለው ጫፉን ያዙና መጎተት ጀመሩ። የሻረግ «እንደዚህ ነው የተቀደደው?» አለች።

ጋሽ ዘርጋው ጫፉን ለቀቁት። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «እንደዚህ ነው» አሉ። «ዕድሜው አይደለም የቀደደው፣ እኛ ነን። ድሮ በትከሻችን ነበር የምናስገባው። አሁን የሚሸከም ጠፋ፣ ጎተትነው። ከናንተስ ማን መጣ?»

እውነት ነዋ። የሻረግ ፊቷ ቀላ። እኔም ደነገጥኩ፤ ልጆቼን ለለቅሶ ድንኳን ልኬ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዚያ አሥራ አራቱም ተሰለፉ፣ ሰባት በዚህ፣ ሰባት በዚያ። ድንኳኑን አንስተው መሬት ሳያስነኩ አጠፉት፣ በትከሻቸው ተሸከሙት፣ ቆጡ ላይ አወጡት። ወለሉ ባዶ ሆነ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ ጋሽ ዘርጋው ለራሳቸው።

«ጋሼ፣ ጡሩምባ በተነፋ ቀን ጠረጴዛውን እናጥፋለን» አለች የሻረግ። «ድንኳኑን እኛ እናወጣለን፣ እኛ እንተክላለን፣ እኛ እናስገባለን። ማክሰኞም ቢሆን ሐሙስም ቢሆን።»

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠቅ አለ። ጋሽ ዘርጋው ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ውጭ አዩ። «ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ጠረጴዛው ሊረጥብ ነው» አሉ።

ልጆቹ ሮጡ። አረንጓዴው ጠረጴዛ መንገዱን ተሻግሮ ገባ፤ አንዱ ጠርዙ ላይ ሦስት ጠብታ ነበር፣ እትዬ ጠጅቱ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ከኋላው ዝናቡ ወረደ። እኛም መውጫ አጥተን በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጥን፤ ሞላልኝም፣ አያ ጀንበሬም፣ ጋሽ ኢድሪስም መንፊያቸውን አቅፈው። ኳሱ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የኛ ራስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጋሽ ዘርጋው ጎኔ ተቀምጠው ቁልፉን በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ይህን አዳራሽ ከሠራነው ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

ሃያ ሁለት አልኳቸው።

«ሰው ሳይሞትብን ስንሰበሰብበት ዛሬ የመጀመሪያችን ነው» አሉ።

ገመዴ እዚህ ላይ አለቀ። ጫፉን ይዛችሁልኝ ከነበረ አሁን ልቀቁት፤ እጃችሁ ለድንኳኑ ይፈለጋል።