የቆቋ ልጅ ሽልማት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ። አንዲት የቆቅ ጫጩት ነበረች። እናቷ ትማርልኝ ብላ፣ ማዶ ካለው ጸሎት ቤት ጣሪያ ሥር፣ እማሆይ ርግብ ከሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባቻት።

ማለዳ ማለዳ ጸሎት ሲጀመር እናቷ ከወዲያኛው ተረተር ስትጣራ ይሰማታል። አንድ ቀን አላስቻላትም፤ በዝማሬው መካከል በቆቅ ድምፅ መለሰችላት።

እማሆይ ርግብ ሥርዓት ሲጓደል አይወዱም። «ልጄ፣ እዚህ ሁላችንም በአንድ ድምፅ ነው የምንዘምረው፤ የጫካውን ለጫካ ተዪው» አሏት።

«እሺ፣ እማሆይ» አለች ታዛዧ ጫጩት። ከዚያ ወዲያ እናቷ ስትጣራ እንባዋን እየዋጠች እንደ ርግብ ዘመረች።

ዓመቱ ሲያልቅ በትምህርትም በዝማሬም አንደኛ ወጣችና አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ተደረገላት። ለእናቷ ልታሳይ እየከነፈች ተሻገረች። ጉም ወርዶ ነበር፤ ቆቆች ደግሞ በጉም የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነው። እናቷ ተጣራች። ጫጩቷ በደስታ ስትመልስ ከአፏ የወጣው የርግብ ዜማ ሆነ።

«ዜማዎ እንዴት ያምራል፣ እማሆይ!» አለች እናት ከጉሙ ውስጥ። «እባክዎ ልጄን ይጠይቁልኝ። አንድ ማለዳ መልሳልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለችኝ ምን በድያት ነው?»