እምቢ ያለው ሲንተሳይዘር

ደሴ ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲንተሳይዘሩ አንዴ እንዲጮህላት።

ለራሷም አልነበረም። አባቷ ጋሽ ዘውገ አርባ ዓመት አኮርዲዮን ሲጫወቱ ኖረው፣ አምና ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። አኮርዲዮን ደግሞ በአንድ እጅ አይሆንም። ስለዚህ ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ተበታትነው የነበሩትን፣ የተለያየ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሦስት ትንንሽ ሲንተሳይዘሮች አንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ በብሎን አሰረቻቸው፤ ከፊታቸው አንድ ኪቦርድ አደረገች፤ ሁሉም ለቀኝ እጃቸው ቅርብ እንዲሆን።

ሁለቱ ጮኹ። ሦስተኛው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚተነፍሰው፣ አባቷ የሚወዱት፣ ዝም አለ።

ከኪቦርዱ የሚቀበልበትን ቻናል አየች፤ ልክ ነው። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። ብሎኖቹን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ እንደገና ፈታች። ወገቧ ሊቆረጥ ደረሰ። በመጨረሻ አገኘችው። ሳጥኑ በሦስተኛው በኩል ከኋላ ጠባብ ስለሆነ፣ የኪቦርዱን መልእክት የሚያስተላልፈው ረጅሙ የሚዲ መሰኪያ አልገባ ብሏት አጭር ገዝታ ነበር። የአጭሩ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ኪቦርዱ «ይህ ቁልፍ ተነክቷል» ብሎ የሚልከው መልእክት እዚያ ደርሶ ይቀራል።

«ካልሆነ ተይው ልጄ፤ ግድ የለም» አሉ አባቷ ከአልጋቸው።

ያ «ግድ የለም» ከወገቧ ሕመም በላይ አመማት። መሰኪያውን ይዛ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ ጋሽ ንጋቱ ወረደች።

«መበየጃዬ ይኸው» አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ «ግን በምን ይሙቅ? የሱቄ ሶኬት ተቃጥሏል። ከጎረቤት መብራት የማመጣበትን ዲቫይደር ልብስ ሰፊው አወል ወስዶታል።»

መበየጃው ካልሞቀ ሽቦው አይቀየርም፤ ሽቦው ካልተቀየረ መልእክቱ አያልፍም፤ መልእክቱ ካላለፈ ሲንተሳይዘሩ አይጮህም፤ ሲንተሳይዘሩ ካልጮኸ አባቷ አይጫወቱም። ትርንጎ ተነፈሰችና ወደ አወል ሄደች።

«እቴ ትርንጎ፣ የስፌት መኪናዬን በዚሁ ነው የማንቀሳቅሰው» አለ አወል። «የሰብለን የሙሽራ ቀሚስ ሳልጨርስ አልነቅልም። እሷ ደግሞ ለመለካት ነይ ብትባል አትመጣም።»

ቀሚሱ ካላለቀ ዲቫይደሩ አይነቀልም፤ ዲቫይደሩ ካልተነቀለ መበየጃው አይሞቅም፤ መበየጃው ካልሞቀ ሽቦው አይቀየርም፤ ሽቦው ካልተቀየረ መልእክቱ አያልፍም፤ መልእክቱ ካላለፈ ሲንተሳይዘሩ አይጮህም፤ ሲንተሳይዘሩ ካልጮኸ አባቷ አይጫወቱም። የሰብለ ቤት ዳገት ላይ ነው። ትርንጎ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

ሰብለ ደጃፉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። «ሰፊው ይጠራኛል፣ ፎቶ አንሺው ይጠራኛል፣ አክስቶቼ ይጠሩኛል» አለች። «ደከመኝ። ዛሬ ማንም ቢመጣ ከዚህ አልነሳም።»

ትርንጎም የመከራከሪያ አቅም አልነበራትም። አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አትነሽ» አለቻት። «ግን አንቺ ካልተለካሽ ቀሚሱ አያልቅም፤ ቀሚሱ ካላለቀ ዲቫይደሩ አይነቀልም፤ ዲቫይደሩ ካልተነቀለ መበየጃው አይሞቅም፤ መበየጃው ካልሞቀ ሽቦው አይቀየርም፤ ሽቦው ካልተቀየረ መልእክቱ አያልፍም፤ መልእክቱ ካላለፈ ሲንተሳይዘሩ አይጮህም፤ ሲንተሳይዘሩ ካልጮኸ አባዬ አይጫወቱም።»

ሰብለ ቀና አለች። «ጋሽ ዘውገ? የእናቴን ሰርግ የተጫወቱት? መጫወት ትተዋል ሲባል ነበር እኮ!»

«አንድ እጅ ቀርቷቸዋል።»

ሰብለ የለበሰችውን ቀሚስ አቧራ አራገፈችና ተነሳች። ትርንጎንም ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

ሰብለ ተለካች፤ ቀሚሱ አለቀ፤ ዲቫይደሩ ተነቀለ፤ መበየጃው ሞቀ፤ ሽቦው ተቀየረ። ትርንጎ ቤቷ ገብታ መሰኪያውን ሰካች፤ አባቷን ደግፋ ኪቦርዱ ፊት አስቀመጠቻቸው። ጋሽ ዘውገ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። መልእክቱ አለፈ፤ ሲንተሳይዘሩ ረጅም ትንፋሽ ወስዶ ጮኸ።

ጋሽ ዘውገ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ነኩ፤ ሦስተኛውን ነኩ፤ አንድ የቆየ ዜማ እየተንገዳገደ መጣ።

«ልጄ፣ ሰማሽው?» ብለው ዞሩ።

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ብሎን መፍቻውን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። ጋሽ ዘውገ እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን ቀነስ አደረጉና መጫወታቸውን ቀጠሉ።