የተያዘች እጅ

«አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህርት ስንቅነሽ። ይህን የሚነግሩት «የአራት ዓመት ልጄ ፊደሉን እያጣመመ አስቸገረኝ፤ እጁን ይዤ ባስጽፈው ምን አለበት?» ብላ ለጠየቀቻቸው አንዲት እናት ነው።

ይህ ሰው ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይውላል። የእጅ ጽሕፈቱ ከማማሩ የተነሣ ዳኛው ገና ሳያነበው ይራራል እየተባለ ይቀለድ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ አራት ዓመቷ ነው። ልጅቱ እርሳስ ጨብጣ የመጀመሪያዋን «ሀ» ስትጽፍ ፊደሏ እንደሚደፋ ሳህን ዘመመች። ሰውየውን አላስችል አለው። የእሱ ልጅ እንዲህ ትጻፍ? ትንሿን እጇን በመዳፉ ጨብጦ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አስጻፋት። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ አደረገ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ለባለጉዳዮቹ እያሳየ «የልጄ ጽሕፈት ነው» ሲል ደረቱ ይነፋ ነበር። ልጅቱ ግን እጇ እየጻፈ ዓይኗ በር በሩን ያይ ነበር።

መዋዕለ ሕፃናት የምትመዘገብበት ቀን ደረሰ። አስተማሪዋ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ «እስቲ የምታውቂውን ጻፊልኝ» አለቻት። ልጅቱ እርሳሱን ያዘች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀች። ጥቂት ቆይታ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ና እጄን ያዝልኝ እንጂ!»

አስተማሪዋ «ራስሽ ሞክሪው፣ የኔ ቆንጆ» ብትላት ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ አልችልም፤ መጻፍ የሚችለው አባዬ ነው።»

ሰውየው በሰው ፊት አፈረ። ከሃፍረቱ ይልቅ ግን ይህ ቃሏ ልቡን ሰበረው። ልጁን «አልችልም» ማለት ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር።

ቤት እንደገቡ ዳግመኛ እጇን ላይይዝ ቆረጠ። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና እርሳሱን ጽፎበት በማያውቀው በግራ እጁ ያዘ። ያ ስመ ጥር ጸሐፊ አንዲት «ሀ» ለመጻፍ ሲታገል ግንባሩን አላበው፤ የጻፋትም ተንጋደደች። ልጅቱ አጎንብሳ አየችና በሳቅ ፍርፍር አለች።

«አባዬ፣ ልያዝልህ?»

«የለም፣ እኔው እለምደዋለሁ። አንቺም የራስሽን ጻፊ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ በግራው፣ እሷ በቀኟ፣ አንድም ቀን ሳያስታጉሉ ጎን ለጎን ሲያጣምሙ ሰነበቱ። ቀኝ እጁ ሊያርምላት እየተነሣ አስቸገረው፤ ጭኑ ሥር ወትፎ ያዘው። ባለጉዳዮቹ «የልጅህ ጽሕፈት የታለ?» ሲሉት የተንጋደደውን አውጥቶ ያሳያል። ቢስቁም አልተመለሰም። ዓመት ሳይሞላ የልጅቱ «ሀ» ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የእሱ ግን እንደዘመመች ቀረች።

መምህርት ስንቅነሽ ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ጸሐፊ አንቺ ነሽ፤ አትቀየሚኝ። አዝለሽ ገበያ ያደረስሽው ልጅ ገበያ ደረሰ እንጂ መንገድ አልሄደም። እጁን ይዘሽ ብታስጽፊውም ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ያንቺ ፊደል ነው። አጠገቡ ተቀመጪ፤ አብረሽው ጻፊ፤ ሲታገል ታገሺው። ያ ያጣመመው ፊደል ግን የራሱ ነው፤ አትንኪበት።»