አንድ ሴቲንግ ይበቃል

አቶ ወንድይፍራው የአንድ መድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ የማያውቁት ነገር የለም፣ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር። አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተር ክፍል ገብተው፣ ለደንበኞች በራሱ መልእክት የሚልከውን ሩቢ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ይመረምሩ ጀመር።

«ይሄ ሁለት የሴቲንግ ፋይል ምን ያደርጋል?» አሉ።

ምላሷ የሰላ አንዲት ፕሮግራመር መለሰች፦ «አንዱ ለሙከራ ነው፣ አንዱ ለዋናው ሥራ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የት እንዳለ፣ ሙከራ ላይ ይሁን ዋናው ሥራ ላይ፣ ያያል፤ ከዚያ የቦታውን ሴቲንግ ይጭናል። አለዚያ ለሙከራ የምንጽፈው ቀልድ ሁሉ ለእውነተኛ ደንበኛ ይደርሳል።»

«ዝባዝንኬ! ሰውም ፕሮግራምም የትም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔን አታዪም? ዛሬውኑ አንድ አድርጊው፤ እምቢ ካልሽ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ!»

ይህን እየጮሁ ሳለ ስልካቸው ጠራ። ስክሪኑን ሲያዩ የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው። ብድግ ብለው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና በማር በተለወሰ ድምፅ፣ «አቤት ጌታዬ! እሺ ጌታዬ! እርስዎ እንዳሉ!» እያሉ ለስልኩ እጅ ነሱ። ስልኩ ሲዘጋ ቁልፋቸውን ፈትተው ተቀመጡ።

«አንቺ! አንድ አድርጊው አላልኩሽም?» ብለው አምባረቁባት።

«አደርገዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ግን በእርስዎ እንጀምር። ሰብሳቢው ነገ ሲደውሉ ስክሪኑን ሳያዩ ያንሱና፣ አሁን በእኔ ላይ በጮሁበት ድምፅ ያናግሯቸው። ከዚያ ሁለታችንም ዕቃችንን ሰብስበን አብረን እንወጣለን።»