አህያዋ፣ ጭሱና የጎሽ ጭን

አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ ጎሽ ሲጥል መንጋጋውን በቀንድ ተመታ። ጎሹ ሞተ፤ የአንበሳው ጥርስ ግን ተነቃነቀ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሥጋ መንከስ አቃተው። አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ፣ ሥጋ ለዘብ ያለ እሳትና ጭስ ላይ ቀስ ብሎ ከዋለ ያለ ጥርስ የሚበላ ይሆናል ብሎ መከረው።

ሥራውን ለማን ይስጥ? ጅብ ሥጋ አጠገብ ሲቀመጥ የሚጠፋው ሥጋው ነው። ቀበሮም ያው ነው፤ እሱ ከበላ በኋላ አፉን ይጠርጋል እንጂ። ሥጋ ከማይበሉት መካከል ደግሞ አንበሳ ሲጠራ የመጣችው አህያ ብቻ ነበረች።

አንበሳው የጎሹን ጭን ከፊቷ ጣለው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እመጣለሁ» አላት። «ሥጋው ካልለሰለሰ አንቺን እበላለሁ። ያንቺ ጥሬውም ቢሆን ከጎሽ ይሻላል።»

አህያዋ ሥራዋን ጀመረች። አዋልዲጌሳ ምስጥ ሲፈልግ ውስጡን ቦርቡሮ የተወው ትልቅ ኩይሳ ነበር። ከላይም ከታችም ክፍት ነው። መብረቅ ከመታው ግንድ ፍም በገል አምጥታ ከታች አኖረች። ጃርት ደግሞ ደረቅ ወይራ በጥርሷ እየቆረጠች፣ በባቄላ ፍሬ ልክ እየከታተፈች ቆለለችላት። አህያዋ ጭኑን ከላይ በእንጨት ሰቅላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነችበት፤ ለጭሱ መውጫ ጠባብ ቀዳዳ ተወች። የታችኛውን አፍ በሌላ ድንጋይ ጋረደችው። ያንን ድንጋይ በኮቴዋ ስትገፋው ነፋሱ ያንሳል፣ እሳቱ ይተኛል። ስትስበው ነፋሱ ይገባል፣ እሳቱ ይነሳል። ከወይራው ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ተቀመጠች።

አንድ ችግር ነበረባት። ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። የበሰለው ካልበሰለው በምን ይለያል? ይህን ባሰበች ቁጥር ዞር እያለች ክዳኑን ታይ ነበር።

ቀበሮ ይህን ከሩቅ አየ። ወደ ጅብ ሄዶ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ከዚያ ጅቡን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝቶ፣ እንዳይናገር አስጠንቅቆት፣ ብቻውን ወደ አህያዋ መጣ። እንደ ወዳጅ ሰላምታ ሰጣት። ጤናዋን ጠየቀ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ።

«እህቴ፣ የሚያር ነገር ሸተተኝ። አየት ብታደርጊው ምናለ?»

አህያዋ ደንግጣ ክዳኑን አነሳች። ሙቀቱ ፊቷን ገርፎ ወጣ። ሥጋው አላረረም። መልሳ ከደነችው። ቀበሮ ጥቂት ዞር ዞር ብሎ ተመለሰና አሁን ደግሞ ጨርሶ ጥሬ እንዳይሆን ፈራሁ አላት። እንደገና ከፈተች። እሳቱ የደከመ መሰላትና ወይራውን በብዛት ደፋችበት። ነበልባል ተነሳ። በድንጋጤ የታችኛውን አፍ ድፍን አድርጋ ዘጋችው። ጭሱ ወፍራምና ነጭ ሆኖ እየተንቦለቦለ ወጣ፤ ዓይኗን አስለቀሳት። ሥጋው ምን ሆኖ ይሆን ብላ አሁንም ከፈተች። ቀኑ እንዲህ እየሆነ ተጋመሰ። ጭኑ ገና ለብ እንዳለ ነበር። ቀበሮም ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ወንዝ ወረደ።

ጅቡ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሲያስብ ቆይቶ ነበር። ማሰብ አልለመደም፤ አላስቻለውም። ወጥቶ መጣና አህያዋን ከኋላ አያት፤ ዞሮ ከፊትም አያት።

«እቴ አህያ» አላት፣ «ከፊት እግርሽና ከኋላ እግርሽ ሥጋ የሚበዛው የቱ ላይ ነው?»

«ምን ሊያደርግልህ ነው አያ ጅቦ?»

«ቀበሮ የኋላውን እኔ እወስዳለሁ አለኝ። እንዳያታልለኝ ብዬ ነው።»

አህያዋ መቼ እንደተካፈሏት ጠየቀችው። ጅቡ ጠዋት ነው አላት። ነገሩንም ሳይደብቅ አስረዳት። ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከወጣ ሥጋው አይበስልም፤ ካልበሰለ አንበሳው እሷን ይሰብራል፤ በታመመ አፉ ጉበቷን ብቻ ይበላል፤ የቀረው የእነሱ ነው። ይህን ሁሉ ነግሯት ሲያበቃ ቅር ብሎት አያት።

«ታዲያ አሁን ለምን አትከፍቺም?»

አህያዋ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ከባድ ድንጋይ በአፍንጫዋ እየገፋች በኩይሳው ጀርባ አወጣችና ክዳኑ ላይ ጫነችው። ከዚያ በታችኛው አፍ እግሯን አስገብታ የደፋችውን ወይራ በኮቴዋ ጠርጋ አወጣች፤ የቀላውን ፍም ብቻ አስቀረች። የታችኛውን ድንጋይ ትንሽ ሳብ አደረገችው። ነጩ ጭስ ቀስ በቀስ ሳሳ። ኋላም ቀጥኖ ሰማያዊ ሆነ፤ ካላስተዋሉት የማይታይ። ጆሮዋን ኩይሳው ላይ ለጠፈች። ግድግዳው ሙቀት እየያዘ ነበር። ከዚህ በኋላ ሥጋውን ማየት ትታ ጭሱን ታይ ጀመር። ጭሱ ሲወፍር ነፋስ ትሰጠዋለች። ግድግዳው ሲያቃጥላት ነፋስ ትከለክለዋለች። ፍሙ ሲደክም ከወይራው አንድ አፍ ትጨምራለች።

ቀበሮ ከወንዝ ተመልሶ አሁንም የሚያር ነገር ሸተተኝ አላት።

«ይሽተትህ» አለችው።

«ላንቺ አስቤ እኮ ነው፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። የኋላ እግሬን እንደወሰድክም ሰምቻለሁ።»

ቀበሮ ወደ ጅቡ ዞረ። ጅቡ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። ቀበሮ ወደ አንበሳው ሮጠ፤ ሥጋው ደርሷል፣ አህያዋ ይምጡ ብላለች ብሎ ዋሸው።

አንበሳው ፀሐይዋ ገና ከተራራው በላይ ሳለች ደረሰ። መንጋጋው አብጦ ነበር። እንድትከፍት አዘዛት።

አህያዋ ወደ ኩይሳው ተጠጋች። ክዳኑን ግን አልነካችም።

«ጌታዬ፣ ጠዋት ፈርቼ እየከፈትኩ ሙቀቱን አጥፍቼው ነበር። አሁን ገና መያዙ ነው። ከከፈትኩት ጥሬ ያገኙታል። ያሉኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ከበሉኝም ያን ጊዜ ይብሉኝ።»

ቀበሮ ጊዜ መግዣ ነው ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ። አንበሳው ዝም በል አለው። ራሱም የሚተኛበት ፈልጎ ኩይሳው ሥር ጋደም አለ። ያበጠው መንጋጋው የሞቀውን ግድግዳ ነካ። ሙቀቱ ሕመሙን አስታገሰለት። ዓይኑ ተከደነ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ፀሐይዋ ወረደች፤ ጠለቀችም። አንበሳው አልነቃም። አህያዋ አልቀሰቀሰችውም። ጭሱ ቀጭን እንደሆነ ቆየ። ጅቡ ሽታው ውስጥ ተቀምጦ ለሃጩን ያዘንብ ነበር።

አንበሳው ሲነቃ መሽቷል። አህያዋ የጫነችውን ድንጋይ አውርዳ ክዳኑን በራሷ ፈቃድ ከፈተች። ጭኑ ውጭው ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። የተሰቀለበትን እንጨት ይዛ ልታወርደው ስትነካው ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ሣሩ ላይ ወደቀ። አንበሳው በምላሱ አነሳው። አላኘከም። ዋጠው። ሌላ አነሳ። ጭኑ እስኪያልቅ ቀና አላለም፤ አህያዋም እስኪያልቅ ምላሱን ታይ ነበር።

«ሂጂ» አላት በመጨረሻ። «ውሃ ጠጪ። ቀኑን ሙሉ አልጠጣሽም።»

አጥንቱን ለጅብ ወረወረለት። ጅቡ ምንም የቀረበት ሳይመስለው ይዞት ሄደ። ቀበሮ መቼ እንደሄደ ያየ የለም።

አህያዋ ወንዝ ድረስ መሄድ አልቻለችም። መንገድ ላይ አቧራው ውስጥ ተጋደመች። በጀርባዋ ተገለበጠች፣ አራቱን እግሯን ወደ ሰማይ አደረገች፣ በግራ ተንከባለለች፣ በቀኝ ተንከባለለች። ከዚያ ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና እስኪበቃት አናፋች። እግሮቿ አራቱም በቦታቸው ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈርተን በየጊዜው የምንከፍተው ሥራ ሙቀቱ እንደሚጠፋና ያለ ጊዜው ክፈቱ እያለ የሚያስፈራራን ሁሉ ለእኛ አስቦ እንዳልሆነ ነው።