መሪው አላርፍም ያለ ዕለት

ልጀምር ነው፤ ሩቅ ያላችሁ ተጠጉ፣ የሰማችሁትም ብትሆኑ ከአፌ አትንጠቁኝ።

ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና በባለቤቱ ስም ይጠራ ነበር። "የድንበሩ መጣች" ከተባለ ያቺ ሰማያዊ አሮጌ ታክሲ ናት። ደግ ዘመን ነበር እላለሁ። ስላለፈ ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከርም፤ ብቻ ይናፍቀኛል።

እትዬ አስካለ አንዲት ነገር ፈለገች፤ ደሴ መድረስ። በማግስቱ ጠዋት የእህቷ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሳለች፣ ክርስትና እናት የተባለችው እትዬ አስካለ ናት። እትዬ አስካለ ልጅ አልወለደችም። ሰማንያ ቀን ደግሞ ቀጠሮው አይቀየርም፤ ካልደረሰች ሕፃኗን ሌላ ሴት ትቀበላታለች። አውቶቡሱ በጠዋት ወጥቷል። ስለዚህ ድንበሩን ጠራችው።

ሐረጎ ዳገት ሥር ደርሰው ድንበሩ ነዳጅ ሲረግጥ መሪው ተንዘፈዘፈ። እግሩን ሲያነሳ ጸጥ አለ። ሲረግጥ ደግሞ ተንዘፈዘፈ።

"እትዬ፣ መኪናዋን የሰው ዓይን በልቷታል" አለና ከወንበሩ ሥር ጠበል አውጥቶ ረጨው። መሪው ከሕፃኗ ቀድሞ ተጠመቀ፤ መንዘፍዘፉን ግን አልተወም።

"ይልቅ ወደ ተኮላ መልሰኝ" አለችው። ተኮላ መካኒክ ነው።

ተኮላ ጎማውን አየ፣ ደህና ነው። ብሎኑን ሞከረ፣ ጠብቋል። ሜዳው ላይ ቀስ አድርጎ ነዳት፣ እንደ ጨዋ ልጅ ሄደች። "ጤነኛ ናት" አለ።

"ቀስ ብሎማ ማን ይንቀጠቀጣል?" አለች እትዬ አስካለ። "ሲረግጣት ነው እንጂ። እግሩን ሲያነሳማ ትተዋለች።"

"ታዲያ ይሄን ቀድመው አይነግሩኝም?" አለና መኪናዋ ሥር ገባ። እዚያው በጀርባው ተኝቶ መሪውን ጠየቀው።

"አንተ መሪ፣ ለምን አታርፍም?"

"ቸርኬው ሳያርፍ እኔ ምን ብዬ ልረፍ?" አለ መሪው። ቸርኬው ሳያርፍ መሪው አያርፍ፣ መሪው ሳያርፍ ድንበሩ አይረግጥ፣ ድንበሩ ሳይረግጥ እትዬ አስካለ ደሴ አትደርስ።

ቸርኬውን ጠየቀው። "የሚያዞረኝ ዘንግ ሳያርፍ እኔ ምን ብዬ ልረፍ?" አለ። ዘንጉ ሳያርፍ ቸርኬው አያርፍ፣ ቸርኬው ሳያርፍ መሪው አያርፍ፣ መሪው ሳያርፍ ድንበሩ አይረግጥ፣ ድንበሩ ሳይረግጥ እትዬ አስካለ ደሴ አትደርስ።

ዘንጉን ይዞ ነቀነቀው። "መገጣጠሚያዬ ተበልቶ እኔ ምን ብዬ ልረፍ?" አለ። እውነትም የመገጣጠሚያው ላስቲክ ተቀዷል፣ ግራሶው ፈሶ አልቋል፣ ብረት ብረትን በልቷል። መገጣጠሚያው ሳይቀየር ዘንጉ አያርፍ፣ ዘንጉ ሳያርፍ ቸርኬው አያርፍ፣ ቸርኬው ሳያርፍ መሪው አያርፍ፣ መሪው ሳያርፍ ድንበሩ አይረግጥ፣ ድንበሩ ሳይረግጥ እትዬ አስካለ ደሴ አትደርስ።

አዲስ መገጣጠሚያ ያለው ከድር ሱቅ ብቻ ነው። የከድር ስም ሲነሳ ተኮላ ተመልሶ መኪናዋ ሥር ገባ። ድንበሩና እትዬ አስካለ ሄዱ።

"ዕቃውስ አለ" አለ ከድር። "የሚገጥመው ማን ነው?"

"ተኮላ ነዋ።"

"እንግዲያው ሱቄ አይከፈትም። እናቴ የሞተች ጊዜ አገር ሲመጣ ተኮላ ቀረ። ለቅሶዬን ሳይደርስ ዕቃዬን አይነካም።"

አያችሁልኝ? ተኮላ ለቅሶ ሳይደርስ ሱቁ አይከፈት፣ ሱቁ ሳይከፈት መገጣጠሚያው አይቀየር፣ መገጣጠሚያው ሳይቀየር ዘንጉ አያርፍ፣ ዘንጉ ሳያርፍ ቸርኬው አያርፍ፣ ቸርኬው ሳያርፍ መሪው አያርፍ፣ መሪው ሳያርፍ ድንበሩ አይረግጥ፣ ድንበሩ ሳይረግጥ እትዬ አስካለ ደሴ አትደርስ።

እትዬ አስካለ ወደ ተኮላ ተመለሰች። "ለምን ቀረህ?" አለችው።

"ያኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ስነሳ ድንኳኑ ፈርሷል። ከዚያ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ፤ አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ?"

"ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። አንተ አፍረህ ከቀረህ እኔም ነገ ልጄን ሳላቅፍ እቀራለሁ" አለችና እንባዋ መጣ።

ተኮላ እጁን ታጠበ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ሄዶ ከድር ደጃፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"እማማ ዘሃራ በእጃቸው አጉርሰውኛል" አለ። "አላህ ይማራቸው" ሊል ሲል እንባው ቀደመው። ከድር ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ግን የእናቱን ስም ከሰው አፍ ከሰማ ቆይቶ ነበርና እሱም አለቀሰ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ተላቀሱ። ኩርፊያ እንዲህ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ያያቸው ሁሉ ደስ አለው።

ተኮላ ለቅሶ ደረሰ፣ ከድር ሱቁን ከፈተ፣ መገጣጠሚያው ተቀየረ፣ ግራሶውንም ጠገበ፣ ዘንጉ አረፈ፣ ቸርኬው አረፈ፣ መሪው አረፈ፣ ድንበሩ ረገጠ፣ ሐረጎ ወደ ኋላ ቀረ፣ እትዬ አስካለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴ ገባች።

በማግስቱ ቄሱ "ክርስትና እናቷ የት አለች?" ብለው ሲጠይቁ እትዬ አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። "አለሁ" አለች፤ ክንዷን ዘርግታም ተቀበለችኝ።

እስክትሞት ድረስ እናቴ እያልኩ ጠራኋት።