ካርታውን የመለሰው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። መጥፎ ካርታ ሲደርሰኝ እንዴት አድርጌ ልጫወተው ብለህ ስለጠየቅኸኝ የእሱን ነገር ልንገርህ። ሳልጨርስ አፍህን እንዳትከፍት፣ ደርበው።

ሰውየው ገበሬ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሀብታም ቤት እየተጠራ ካርታ ይጫወታል። ጨዋታው ቀላል ነው። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ ያድላል፤ ካርታውን የወደደ አስይዞ ይገባል፣ ያልወደደ ደፍቶ ይመልሳል። ከፍ ያለውን የያዘ ይበላል። ታዲያ በዚያ አገር ካርታ መመለስ ነውር ነበር። ባለቤቱ በእጁ የሰጠህን መመለስ ጉርሻ እንደ መግፋት ነው ይሉ ነበር። ገበሬውም ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ስለሆነ የማይረባውን ሁሉ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይገባል። እንዲህ እያለ በጎቹን ጨረሰ። የቀረችው በግቢው ተወልዳ በእጁ ያደገች፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያያት በቅሎው ብቻ ነበረች።

በጥምቀት ማግስት እንደ ልማዱ ተጠራ። ሁለትና ሦስት ደረሰው፤ ከዚያ የከፋ ካርታ የለም።

«እህ፣ በቅሎዋን አታስይዝም?» አለው ሀብታሙ።

ሰውየው በበሩ አሻግሮ በቅሎዋን አየ። ብድግ አለና ካርታዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ሀብታሙ ፊት ደፍቶ አስቀመጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ይሄስ ይቅርብኝ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ፈራ! ፈራ!» አሉት። እንደገና ታደለ። ያም የማይረባ ነበር፤ እሱንም አመስግኖ መለሰ። ማታ በቅሎው ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እንዴት ያለ ኩሩ ሰው መሰለህ!

በሚቀጥለው በዓል ሁለት ንጉሥ ደረሰው። ሳያቅማማ በቅሎዋን አስያዘ። ሲስቁበት የነበሩት፣ ይሄ ሰው እንዲሁ አይገባም ብለው ካርታቸውን ቶሎ ቶሎ ደፉ። ሀብታሙ ግን በገዛ ቤቱ፣ በእንግዶቹ ፊት ካርታ ለመመለስ አፈረ። በእጁ ምንም ሳይኖረው ጥማድ በሬውን አስይዞ ገባ፣ ተበላም።

አየህ ደርበው፣ አንተም ያ ገበሬ ነህ። ካስተማርኋቸው ሁሉ እንዳንተ ዓይኑ የፈጠነ የለም፤ እኮራብሃለሁ፣ ፊት ለፊት ብነግርህም አላፍርም። ግን ፈራ እንዳይሉህ የደረሰህን ሁሉ ይዘህ ትገባለህ። ከዚያ መጥፎውን እንዴት ልጫወተው ብለህ ትጠይቀኛለህ። ማን ተጫወተው አለህ? መልሰው እንጂ! ስትመልሰውም እንደ ሌባ አታቀርቅር፤ ቀና ብለህ መልስ። ይሳቁብህ። ጥሩው ካርታ ሲመጣልህ የምታስይዘውን እነሱ አይሰጡህም።